ሳይቃጠል በቅጠል፤ የመሥሪያ ቤትዎ መውጫ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

እርስዎ በሚሠሩበት ሕንፃ ውስጥ አሁን እሳት ቢነሣ በየት በኩል ይወጣሉ? ብዙዎቻችን ጠዋት በሊፍት ወጥተን ማታ በሊፍት እንወርዳለን። የአደጋ ጊዜ መውጫው የት እንደሆነ ብናውቅ እንኳ በሩ ይከፈት አይከፈት ሞክረን አናውቅም። አንዳንዱ ደረጃ የአሮጌ ወንበርና የካርቶን ማከማቻ ሆኗል። አንዳንዱ በር ደግሞ “ሌባ ይገባል” ተብሎ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው፤ ጥበቃው ምሳ ወጥቷል።

የተቆለፈ በር ምን እንደሚያስከፍል የኒውዮርክ ከተማ በ1911 (በፈረንጆች አቆጣጠር) አይታለች። ትሪያንግል የተባለው የልብስ ፋብሪካ የአንድ ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ የላይኛዎቹን ሦስት ፎቆች ይዞ ነበር። ቅዳሜ ሥራ ሊያበቃ ሲል ስምንተኛው ፎቅ ላይ እሳት ተነሣ። ከዚያ ወደ አሥረኛው ፎቅ ስልክ ተደወለ፤ ከአሥረኛው አብዛኞቹ በጣሪያ በኩል አመለጡ። ለዘጠነኛው ፎቅ ግን የነገረ አልነበረም። እሳቱ አንደኛውን ደረጃ ሲዘጋ ሠራተኞቹ ወደ ሌላው በር ሮጡ፤ ተቆልፎ ነበር። የውጭው የብረት መሰላል ሰው ሲበዛበት ተደረመሰ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል የሚደርሰው እስከ ስድስተኛው ፎቅ ብቻ ነበር። 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ፋብሪካው የእሳት አደጋ ልምምድ አድርጎ አያውቅም ነበር።

በዚያችው ከተማ ከ90 ዓመት በኋላ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። የሞርጋን ስታንሊ ኩባንያ የጥበቃ ኃላፊ ሪክ ሬስኮርላ፣ የዓለም ንግድ ማዕከል በ1993 በቦምብ ከተመታ በኋላ፣ ሠራተኞቹን በየጊዜው ሁለት ሁለት እያሰለፈ በደረጃ ያስወርድ ነበር። ሥራ የበዛባቸው ሰዎች “ጊዜያችንን በላው” እያሉ አጉረምርመዋል። መስከረም 11 ቀን 2001 የመጀመሪያው አውሮፕላን ጎረቤት ሕንፃውን ሲመታ፣ በድምፅ ማጉያ “በየቦታችሁ ቆዩ” ቢባልም እርሱ “ውጡ” አለ። እግራቸው መንገዱን ያውቀው ነበርና ከ2,000 የሚበልጡት ሠራተኞች በሕይወት ወጡ። እርሱ ግን የቀረ ሰው ለመፈለግ ተመልሶ ወጣና በዚያው ቀረ።

ልምምድ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ሰው ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደሚያውቀው በር ነው። ደግሞም የተቆለፈውን በር፣ የማይሰማውን ደወልና የተዘጋውን ደረጃ እሳቱ ሳይመጣ ያጋልጣል። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ልምምድ እንዲደረግ መጠየቅ ችኮነት አይደለም።

በልምምዱ ጊዜ እነዚህን ይያዙ፦

• ደወል ሲሰሙ ቦርሳ ለመሰብሰብ አይቆዩ፤ ከወጡም በኋላ ለዕቃ ብለው አይመለሱ።
• ሊፍት አይጠቀሙ፤ መብራት ሲጠፋ መሐል ላይ ሊቀር ይችላል።
• ከነበልባሉ ይልቅ ብዙ ሰው የሚገድለው ጭስ ነው። ጭስ ካለ ዝቅ ብለው ይሂዱ።
• ሲወጡ በሩን ይዝጉ፤ ግን አይቆልፉ።
• ነፍሰ ጡርን፣ አካል ጉዳተኛንና አረጋዊን ማን እንደሚረዳ አስቀድሞ ይመደብ።
• ውጭ አንድ የመሰብሰቢያ ቦታ ይኑር፤ እዚያ ስም እየተጠራ ይቆጠር።
• አዲስ አበባ ውስጥ ከሆኑ የእሳት አደጋ ስልክ 939 መሆኑን ያስታውሱ።

እነዚያ የትሪያንግል ልጃገረዶች ማታ የሚጠብቃቸው ቤተሰብ ነበራቸው። የእርስዎም ልጅ አዲስ ሥራ ከጀመረች፣ እራት ላይ “ደመወዙ ስንት ነው?” ካሏት በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ “እሳት ቢነሣ መውጫሽ በየት ነው? በሩስ ይከፈታል?” ካላወቀች፣ ነገ ጠዋት ሄዳ ገፋ አድርጋ ትየው።