የማያመው እብጠት

«ዶክተር፣ አያመኝም እኮ!» አዲስ አበባ ውስጥ ከቦሌ እስከ አያት ባሉ ክሊኒኮች ሐኪሞች ደጋግመው የሚሰሙት ነው። የጡት ካንሰር እብጠት ግን ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰርም ይኸው ነው፤ ብዙዎች ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚደርሱት ከረፈደ ነው።

ሴት ጡቷን በራሷ ለመፈተሽ የወር አበባ ካበቃ ከጥቂት ቀናት በኋላ ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ያረጠች ሴት በየወሩ አንድ ቀን ትለይ። መጀመሪያ መስታወት ፊት ቆማ የቆዳ መሰርጎድ ወይም ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ እንዳለ ታያለች። ከዚያ በጀርባዋ ተኝታ፣ በሦስቱ መካከለኛ ጣቶች ትንንሽ ክብ እየሠራች፣ መጀመሪያ በስሱ፣ ቀጥሎ ጠበቅ፣ በመጨረሻም ጠለቅ አድርጋ እየተጫነች ከአንገት ሥር እስከ ብብት ትዳስሳለች። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ብብት ነው።

ፍተሻው ተአምር አይሠራም። ሻንግሃይ ውስጥ ከ266 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበትና በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ፍተሻ መማር ብቻውን ሞትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ጥቅሙ የራስን ጡት ማወቅና ለውጥ ሲታይ ቶሎ መታየት ላይ ነው።

አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ይህን የሚለየው ግን ምርመራ እንጂ ጎረቤት አይደለም። ጠበል የምትጠመቅም ሕክምናዋን አትተው፤ ጠበል ከሕክምና አይጣላም።