መድኃኒቱ አልቆ ሕመሙ ሲነሣ

ከሰበታ በጅማ መንገድ ወደ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው አየር ጤናን አልፎ ዘነበወርቅ ሲደርስ አለርት ሆስፒታልን ያገኛል። አለርት የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከል ሆኖ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በዚያው ግቢ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሃንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ይገኛል።

ሥጋ ደዌ ሲነሣ ቆዳና ነርቭ እንጂ የደም ሥር ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው።

ባክቴሪያው በሰውነታቸው በብዛት ከተሠራጨባቸው ታማሚዎች አንዳንዶቹን፣ መድኃኒት እየወሰዱ ሳሉ ወይም የ12 ወሩን ሕክምና ከጨረሱ በኋላ፣ ድንገት ትኩሳት ይይዛቸዋል። ሲነኩ የሚያሙ ቀያይ ጉብታዎች ፊትና ክንዳቸው ላይ ይወጣሉ፤ መገጣጠሚያ፣ ዓይንና ነርቭም ይቆጣል። ሐኪሞች «ሪአክሽን» ይሉታል። ታማሚው «መድኃኒቱ ጎዳኝ» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ባክቴሪያው ቢሞትም ስብርባሪው ወዲያው ከሰውነት አይጠፋም።

ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ሲያስተምሩት የኖሩት እንዲህ ነው፤ አንቲቦዲዎች ከዚህ ስብርባሪ ጋር ተጣብቀው በቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ያርፋሉ። ኮምፕሌመንት የሚባሉት የደም ፕሮቲኖች ይህን ሲያገኙ ይነሣሉ። የደም ሥሩን ከውስጥ የሸፈኑት ሕዋሳትም ጠባያቸው ይለወጥና እንደ መንጠቆ ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚይዙ ሞለኪውሎች ያወጣሉ። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት እዚያ ተይዘው ግድግዳውን ሰርስረው ያልፋሉ፤ ሲያልፉም ይጎዱታል። (ከጉብታው በተወሰደ ናሙና ላይ የደም ሥር ጉዳት ሁልጊዜ አይታይም፤ ክርክሩም ገና አላበቃም።)

ኤዴሳ ነገራና ባልደረቦቹ በአለርት ታማሚዎች ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ወደ ዘረ መል ወረደ። የኮምፕሌመንቱን ሥራ የሚያስጀምረው ሲ1ኪው የተባለ ፕሮቲን ሪአክሽን በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ ቀንሶ ተገኘ። ፕሮቲኑን የሚያሠሩት ዘረ መሎች ግን በቆዳቸው ውስጥ ሪአክሽን ከሌለባቸው ታማሚዎች ይበልጥ ይሠሩ ነበር። ሰውነት ያመርታል፣ ያመረተውም በፍልሚያው ያልቃል ማለት ይመስላል። የተለወጠው የዘረ መሎቹ የሥራ መጠን ነው። የሪአክሽኑ ሕክምና ሲያበቃ ልዩነቱ ጠፋ።

ይህ የሪአክሽን ሕክምና በአብዛኛው ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ ነው። ብግነቱን ያበርዳል፤ መጠኑ ሲቀነስ ግን ጉብታው ብዙ ጊዜ ይመለሳልና አንዳንዱ ታማሚ ለወራት፣ ለዓመታትም ይወስደዋል። በኢትዮጵያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት፣ ሪአክሽን ከያዛቸው ታማሚዎች መካከል የተመዘገበውን ሞት ከዚሁ መድኃኒት ረጅም አወሳሰድ ጋር አያይዞታል።