ሞተሩ ሲግል ስለሚቆም አሮጌ መኪና

ቤተ ሰቡን አሳፍሮ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ከስንቁና ከልብሱ አስቀድሞ የመኪናውን ጠባይ ማወቅ ይገባዋል። ይልቁንም መኪናይቱ ያረጀች እንደ ሆነች፥ ጠዋት ያለ ችግር ተነሥታ፥ ፀሐይ ሲበረታና ዳገት ሲበዛ በድንገት ጸጥ ትላለች፤ ከቀዘቀዘችም በኋላ ምንም እንዳልነካት ሆና ትነሣለች። ስለዚህ ሕመም ዛሬ መጻፋችን፥ በራሳችን ላይ ደርሶ ገንዘባችንን ስላስጠፋን፥ ከገንዘብም ይበልጥ የሰው ልብ ስላስቀየመን ነው።

የምንናገርባት መኪና በውስጧ አልጋና ምድጃ ያለባት አሮጌ ፎልክስዋገን ኮምቢ ናት። ይህ ዐይነት መኪና በጀርመን አገር በቮልፍስቡርግ ከተማ መሠራት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1950 ዓ.ም. ሲሆን፥ የመጀመሪያው ሞተር ጕልበት 25 ፈረስ ነበረ። የእኛ መኪና ሞተር በስተኋላ የተቀመጠ ነው፤ ውሃም የለውም፤ የሚያበርደው ማራገቢያው የሚነፋው አየርና የራሱ ዘይት ነው።

ከልጆቻችንና ከአሮጊት እናታችን ጋራ ወደ ጎጃም ስንሄድ፥ የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ወደ ደጀን የሚወስደውን ዳገት እኩል እንዳደረግን ሞተሩ ጠፋ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተነሣ፤ ጥቂት እንደ ሄደም ደግሞ ቆመ። ከኋላችን ጭነት የያዙ ትልልቅ መኪናዎች ይመጡ ስለ ነበር ስጋታችን ብዙ ነበረ። በዚህም ቍጣ ሾፌራችንን፥ «ውሃ የተቀላቀለበት ቤንዚን ገዝተህ ነው» ብለን በልጆቹ ፊት ወቀስነው። እርሱም፥ «ጌታዬ፥ ቤንዚኑ ደኅና ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልመለሰም። ወደ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ የቤንዚን ፓምፑን ለወጥን፥ ካርቡራቶሩንም አስጠረግን። ሕመሙ ግን እንደ ነበረ ቀረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ሆነብን።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ፥ «ይህ በሽታ በብርድ አይታይም፤ በትኩሳቱ ሰዓት ልየው» ብለው ከእኛ ጋራ ወደ እንጦጦ ዳገት ወጡ። ሞተሩ እንደ ጠፋም ወዲያው መመርመር ጀመሩ። ያስተማሩንን ሥርዐት እንደሚከተለው ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

መጀመሪያ፥ መኪናውን ከመንገድ ዳር አውጥቶ የእጅ ፍሬን መያዝ፥ ከጐማውም ሥር ድንጋይ ማድረግ፥ ሰዎቹንም አውርዶ ከመንገዱ ማራቅ ነው። የቤንዚን ሽታ ካለ ሞተሩን ለማስነሣት ከቶ መሞከር አይገባም። ያረጀ የቤንዚን ጎማ ይሰነጠቃል፤ በጋለ ሞተር ላይ ከተንጠባጠበም እሳት ያስነሣል። የዚህ ሞተር አካል ማግኒዝየም ያለበት ስለ ሆነ አንዴ ከተያያዘ ማጥፋቱ ከባድ ነው።

ሁለተኛ፥ ብልጭታ መኖሩን ማየት ነው። አንዱን ካንዴላ ፈትቶ፥ ከገመዱ ጋራ እንደ ተያያዘ በሞተሩ ብረት ላይ አስደግፎ፥ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። ብርቱ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ እሳቱ ደኅና ነው። ከሌለ ወይም ደክሞ ቢጫ ከሆነ የሚጠረጠሩት ኮይሉ፥ ኮንደንሰሩና ፑንቲናው ናቸው። በኮይሉ ውስጥ የተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ አርጅቶ እንደ ሆነ፥ ሲግል ይላቀቅና ሲበርድ ይገናኛል።

ሦስተኛ፥ ብልጭታው ደኅና ከሆነ ቤንዚኑን መመርመር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የአየር ማጣሪያውን አንሥቶ የካርቡራቶሩን መሪ ሲገፉት ቤንዚን ወደ ውስጥ ሲረጭ ከታየ ቤንዚን ደርሷል። ካልረጨ የቤንዚን ማጠራቀሚያውን ክዳን ይክፈቱ፤ አየር ፉጨት እያሰማ ከገባና ሞተሩ ከተነሣ የአየር መተንፈሻው ተደፍኗል። ያ ካልሆነ ማጣሪያው ተደፍኖ፥ ወይም ቤንዚኑ በቧንቧው ውስጥ ከሙቀት የተነሣ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይሆናል። በከፍታ አገር የአየር ግፊት ስለሚያንስ ቤንዚን ይህን ለማድረግ ይፈጥናል።

አራተኛ፥ ሞተሩ ከመጠን በላይ የሚግልበትን ምክንያት መፈለግ ነው። የማራገቢያው ቺንጋ መላላቱን፥ የዘይቱን ልክ፥ በሞተሩ ዙሪያ የጋለውን አየር የሚከለክሉት ጎማዎች መጕደላቸውን ማየት ይገባል። በ1600ው ሞተር የቫልቮቹ ክፍተት፥ ሞተሩ ፍጹም በርዶ ሳለ 0.15 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ ከጠበበ ቫልቩ ሲግል በደንብ ስለማይዘጋ ጕልበት ያጣል፥ በመጨረሻም ይቃጠላል።

በእኛ መኪና ብልጭታው ጠፍቶ ነበረ። ሽማግሌው ኮንደንሰሩን ለወጡ፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ቁልፉን ዘግተው፥ የረጠበ ጨርቅ በኮይሉ አካል ላይ ጠቀለሉ፤ ሽቦ የሚገባበትን ራሱን ግን ከውሃ ጠበቁት። ጥቂት ቆይተው ጨርቁን አንሥተው ሲሞክሩ ሰማያዊው ብልጭታ ተመለሰ፥ ሞተሩም ተነሣ። አዲስ ኮይል ካስገባን ወዲህ ያንኑ የዓባይ ዳገት ሳንቆም ወጥተነዋል። ጥፋቱ የዕድሜና የእኛ ቸልተኝነት እንጂ የሠሪዎቹ አልነበረም።

አንድ ዕዳ ግን ቀርቶብን ነበር። ልጆቹ ወቀሳውን ሰምተው ስለ ነበር ይቅርታውንም እንዲሰሙት አስፈለገ። ስለዚህ እነርሱ በተቀመጡበት፥ ቤንዚኑ ንጹሕ እንደ ነበረና የፈረድነው ሳንመረምር እንደ ሆነ ለሾፌራችን ነገርነው። እርሱም፥ «መኪናይቱ ድናለች፤ ይበቃል» አለን። አንባቢዎቻችንም እንዲህ ያለ ነገር ባገኛቸው ጊዜ ከመቈጣታቸው አስቀድመው ካንዴላውን እንዲፈቱ በትሕትና እንመክራለን።