ብርብራውን ትቶ መንጠቆ ለሚይዝ አርሶ አደር

ሐምሌ ሲገባ ግልገል ዓባይና ገባሮቹ ደፍርሰው ይሞላሉ። የጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣዎችም ይህን ወቅት ጠብቀው ከሐይቁ ወደ ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ። ጠጠር ያለበት፣ ጥልቀት የሌለውና ኦክስጅን የበዛበት ውኃ እስኪያገኙ ድረስ ይወጡና ዕንቁላላቸውን እዚያ ይጥላሉ። ጉዞው እስከ መስከረምና ጥቅምት ይዘልቃል። ዓሣው ከማሳ አጠገብ ተከማችቶ በሚገኝባቸው በእነዚህ ወራት የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ መበተን በአካባቢው የቆየ ልማድ ነው።

ብርብራ አሠራሩ ቀላል፣ ጉዳቱ ግን ሰፊ ነው። ፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር ዓሣው በስንጥቡ ያስገባውን ኦክስጅን አካሉ እንዳይጠቀምበት ያግዳል። ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል፣ ሰውም በእጁ ይለቅማል። ይሁንና ትልቁን ለይቶ የሚገድል ብርብራ የለም። ገና ከዕንቁላል የወጣውን ጫጩት፣ ዓሣው የሚመገባቸውን ነፍሳትና ገና ያልጣለችውን እናት አንድ ላይ ይፈጃል። የጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከዚህ ሐይቅ በቀር የትም አይገኙም። ሐይቁ ላይ በ1978 ዓ.ም የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ መግባቱን ተከትሎ በተደረገ ጥናት፣ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም ባሉት ዓመታት የነጭ ዓሣው ብዛት በ75 በመቶ፣ የጫጩቶቹ ደግሞ በ90 በመቶ ቀንሷል። ለዚህ በዋናነት የተጠቀሰው ምክንያት ዓሣው ለመራባት በሚሰበሰብባቸው የወንዝ አፎች ላይ መረብ መጣሉ ነው። ከሐይቁ ያመለጠው በወንዙ ላይ ብርብራ ከጠበቀው ደግሞ የሚተካ አይኖርም።

አዴት ስሟ የሚነሳው በጤፍ፣ በስንዴና በድንች ነው። የግብርና ምርምር ማዕከሏም የታወቀው በሰብል ሥራው ሲሆን፣ የዓሣው ምርምር የሚካሄደው ባሕር ዳር በሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ነው። ለዚህም ይመስላል በገጠር ቀበሌዎች ስለ ዓሣ ብዙ ምክር የማይሰማው። ሆኖም ከመኸር ሥራ በኋላ እጁ የሚፈታ ወጣት አርሶ አደር በጥቂት ብር በሚገዛ መንጠቆ ለቤቱ ወጥ የሚሆን ዓሣ ማግኘት ይችላል። ጊዜው ከኅዳር ወዲህ ያለው በጋ ነው፤ ውኃው ይጠራል፣ የነጭ ዓሣው የመራቢያ ወቅትም ያልፋል።

ዘንጉን መግዛት አያስፈልግም። ከእንጅባራ አካባቢ የሚመጣው ቀርከሃ፣ ሦስት ሜትር ያህል ርዝመት ያለውና ጫፉ የሚለመጠው ከተመረጠ ለጀማሪ ይበቃል። ከዘንጉ ጫፍ ላይ የዘንጉን ያህል ርዝመት ያለው ቀጭን የናይሎን ክር ይታሰራል። መንጠቆ ሲገዛ አንድ ነገር ማወቅ ይገባል፤ በተለመዱት መጠኖች ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ለቆሮሶ አፉ ትንሽ ስለሆነ 8 ወይም 10 ቁጥር፣ ለአምባዛ ከዚያ ተለቅ ያለ ይሻላል። ክሩ በመንጠቆው ቀዳዳ ካለፈ በኋላ በራሱ ላይ አምስት ጊዜ ይጠመጠማል፣ ጫፉ ከቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረው ክፍተት ይገባል፣ ከዚያም ቋጠሮው በምራቅ ርሶ ቀስ ተብሎ ይጠብቃል። ደረቅ ናይሎን ሲጠብቅ ይሞቅና ይላላል፤ ብዙ ጀማሪ ዓሣ የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው። ከመንጠቆው ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ትንሽ እርሳስ ወይም አሮጌ ዳዶ ይታሰራል። ከዚያ በላይ የጠርሙስ ቡሽ ወይም የደረቀ ሸምበቆ ቁራጭ ይንሳፈፋል። ቡሹ ከፍና ዝቅ እየተደረገ መንጠቆው የሚወርድበት ጥልቀት ይወሰናል።

ዓሣው የሚበላውን ሳያውቁ መንጠቆ መጣል ጊዜ ማባከን ነው። ነጭ ዓሣ ከፍግ ሥር የሚቆፈረውን የምድር ትል ይወዳል። ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ ይመገባል፤ ቢሆንም ጠንክሮ የተቦካ የዱቄት ሊጥ በባቄላ ፍሬ መጠን ተድቦልቡሎ ሲቀርብለት አይተውም፣ ትልም ይወስዳል። አምባዛ ጉበት፣ የሆድ ዕቃና ትንንሽ ዓሣ በሽታው ፈልጎ ይመጣል። አምባዛ የሚወጣው ወደ ምሽት ሲሆን መንጠቆውም ከታች ጭቃው ላይ ማረፍ አለበት። ቅርፊት የሌለው በመሆኑ በሃይማኖት ምክንያት የማይበሉት ሰዎች ስላሉ፣ ለገበያ የሚያስብ ሰው ገዢውን አስቀድሞ ይጠይቅ።

በሜጫ የሚገኘው የቆጋ ግድብ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ መሬት በመስኖ እንዲያለማ የተሠራ ቢሆንም ሦስቱም ዓይነት ዓሣዎች ይገኙበታል። በግድብ ላይ ጀማሪ የሚሳሳተው መንጠቆውን ርቆ መሐል ለመጣል በመሞከር ነው። ቆሮሶ የሚውለው ዳር ላይ፣ ሣርና በውኃ የተዋጠ ቁጥቋጦ ባለበት ነው። በሰሜን አሜሪካ ክራፒ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለ። የዚያ አገር ጀማሪዎች መጀመሪያ የሚማሩት እሱን ማጥመድ ነው፤ እሱም ውኃ ከዋጠው ቅርንጫፍ ሥር አይርቅም። አጥማጆቹ ቅርንጫፉ አጠገብ መንጠቆውን ቀጥ አድርገው አውርደው ሳይንቀሳቀሱ ይጠብቃሉ፤ ከንፈሩ ስስ ስለሆነም ሲነክስ አይመነትፉትም። ይህ ዘዴ ለቆሮሶም ይሠራል።

ድምፅና ጥላ ዓሣ ያባርራሉ። ስለዚህ ጥላው ውኃው ላይ እንዳያርፍ ፀሐይን ፊት ለፊት አድርጎ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ይገባል። ቡሹ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መጎተት አያስፈልግም፤ ዓሣው እየቀመሰ ነው። ቡሹ ሲሰምጥ ወይም ወደ ጎን ሲሄድ ግን ዘንጉ በእጅ አንጓ ብቻ ቀና ይደረጋል። አንድ ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም ካልነካ ቡሹን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ጥልቀቱን መጨመር፣ ያም ካልሆነ ቦታ መቀየር ነው።

የተያዘ ቆሮሶ ከውኃ ሲወጣ አፉን ማየት ይገባል። የቆሮሶ እናት ዕንቁላሏንና ጫጩቶቿን የምታሳድገው በአፏ ይዛ ነው። ከአፏ ዕንቁላል ወይም ጫጩት ከፈሰሰ፣ መንጠቆው እዚያው ውኃው ውስጥ ወልቆ ወዲያውኑ ትለቀቅ። ትንንሾቹንም በእርጥብ እጅ ይዞ መመለስ ነው፤ ደረቅ እጅ በላያቸው ላይ ያለውን ልስላሴ ገፍፎ ለበሽታ ያጋልጣቸዋል። የአምባዛ የጎን ክንፍና የቆሮሶ የጀርባ ክንፍ እሾህ ስላላቸው እጅ ይወጋሉ። አምባዛ ከውኃ ወጥቶም ለረጅም ጊዜ ስለሚተነፍስ የሞተ መስሎት ዘና የሚል ጀማሪ ይደነግጣል።

የያዘውን ለቤት የሚወስድ ሰው እዚያው ዳር ላይ ሆዱን ቀድዶ፣ ስንጥቡን አውጥቶና በንጹሕ ውኃ አጥቦ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ጥላ ላይ ያስቀምጥ። በበጋ ፀሐይ ሳይጸዳ የዋለ ዓሣ ማታ ለቤተሰብ አይሆንም። ጥሬውን መብላት ደግሞ ለጥገኛ ትል ስለሚያጋልጥ በደንብ ማብሰል ያስፈልጋል።

በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ የታወቀ በሽታ ነው። ስለዚህ መንጠቆ የሚጥል ሰው ውኃ ውስጥ ገብቶ አይቁም፣ ከዳር ሆኖ ያጥምድ። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ደግሞ አዞውን አይርሳ።

የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለንግድ ዓሣ ማስገርን በፈቃድ የሚመራ ነው። በመሆኑም ከቤት ፍጆታ አልፎ ለገበያ ማቅረብ ያሰበ አርሶ አደር፣ መንጠቆውን ከመግዛቱ በፊት ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጎራ ብሎ ይጠይቅ። የቀበሌ የልማት ሠራተኞችም ጉዳዩን የሚያነሱት ወንዙ ከሞላ በኋላ ከሚሆን፣ ብርብራው ሳይለቀም በግንቦት ስብሰባ ላይ ቢሆን ይሻላል።