የክረምቱን መጽሐፍ ማን ይምረጥ?

በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ለምንሠራ ሰዎች የሰኔ የመጨረሻ ሳምንታት ከሌላው ጊዜ የተለዩ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ተማሪው ወደኛ የሚመጣው የቤት ሥራ ሊሠራ፣ ለፈተና ሊያጠና ወይም ከማጣቀሻ መጽሐፍ ላይ አንድ አንቀጽ ሊገለብጥ ነው። ፈተናው ሲያልቅ ግን አመጣጡ ይለወጣል። ከፊቱ ሐምሌና ነሐሴ አሉ፤ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፤ መምህር የለም፣ ማርክ የለም። ብዙው ልጅ በዓመት ውስጥ በገዛ ፈቃዱ የሚያነበው መጽሐፍ ካለ በእነዚህ ወራት የሚያነበው ነው። ስለዚህ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ለሚደረገው የመጽሐፍ ምርጫ ከሥራዬ ሁሉ አብልጬ እጠነቀቃለሁ።

በዚህ ሰሞን ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይመጣልኛል። ወላጆች፣ "እህቴ፣ እባክሽ ቁም ነገር ያለው መጽሐፍ ስጪልኝ፤ ክረምቱን እንዲሁ እንዳያሳልፈው" ይላሉ። ልጆቹ ደግሞ፣ "ሚስ፣ ቀጭን መጽሐፍ አለ?" ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም መጽሐፍን እንደ ግዴታ ያዩታል። ወላጅ ግዴታው እንዲጠቅም ይፈልጋል፤ ልጅ ቶሎ እንዲያልቅለት ይፈልጋል። "የሚያስደስተኝ የትኛው ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እኔ የማምነው ይህን ነው፦ ለክረምት መጽሐፍ ሲመረጥ ዋናው መስፈርት ደስታ ነው፤ መራጩም አንባቢው ራሱ ነው። ይህን የምለው ልጆችን ለማባበል አይደለም። ንባብ የሚዳብርበት መንገድ ይህ ስለሆነ ነው። ቀስ ብሎ የሚያነብ ልጅ ሐሳቡ ሁሉ ፊደሉ ላይ ያልቃል፤ የዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። ታሪኩ ስለማይገባው ይሰለቻል፤ ስለሚሰለች አያነብም፤ ስለማያነብ አይፈጥንም። ይህን አዙሪት የሚሰብረው ብዙ ማንበብ ብቻ ነው። ያለ ተቆጣጣሪ ብዙ የሚያነብ ልጅ ደግሞ የወደደውን የሚያነብ ልጅ ነው።

አንድ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ መደርደሪያው አጠገብ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆሞ ነበር። "አንተስ ምን ልስጥህ?" አልኩት። "እኔ መጽሐፍ አልወድም፣ ሚስ" አለኝ በትሕትና። ምን ዓይነት ፊልም እንደሚወድ ጠየቅኩት። ፊቱ በራ፤ ስለላና ምስጢር ያለባቸውን ፊልሞች አከታትሎ ጠራልኝ። የይስማዕከ ወርቁን "ዴርቶጋዳ" አወጣሁለት። መጀመሪያ ያየው ውፍረቱን ነው። "ውፍረቱን ተወው። መሃል ላይ ክፈትና እዚሁ ቆመህ አንድ ገጽ ብቻ አንብብ" አልኩት። ማንበብ ጀመረ። ጓደኞቹ ሲጠሩት አልመለሰላቸውም። የገጹ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ማንም ሳያዘው ገለጠ። እኔ የምጠብቀው ምልክት ይህ ነው። አንድ ገጽ አንብብ የተባለ ልጅ ሁለተኛውን በራሱ ከገለጠ መጽሐፉ የእሱ ነው፤ መዝግቤ እሰጠዋለሁ።

መሃሉን የማስከፍተው በምክንያት ነው። ሽፋኑና የጀርባው ጽሑፍ የተዘጋጁት ለመሸጥ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ደራሲው ደጋግሞ ያሸዋል። መሃሉ ላይ ግን የመጽሐፉ የዘወትር መልክ ይገኛል፤ ሰዎቹ እንዴት እንደሚነጋገሩ፣ ታሪኩ እንደሚሮጥ ወይም እንደሚያዘግም እዚያ ይታወቃል። ልጁ ሲያነብ የማያውቀው ቃል ባጋጠመው ቁጥር አንድ ጣት እንዲያጥፍ እነግረዋለሁ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣቶች ከታጠፉ መጽሐፉን ለሌላ ዓመት እናቆየዋለን። አንድም ጣት ካልታጠፈ ችግር የለውም፤ ቀላል መጽሐፍ ፍጥነትን ያስለምዳል፤ ክረምት ደግሞ የፈተና ወቅት አይደለም።

አንድ መጽሐፍ ብቻ ይዞ የሚሄድ ልጅም ደስ አይለኝም። አንዱ ካልጣመው እጁ ባዶ ይቀራል፤ ዝናቡ ይቀጥላል፤ ስልኩ ይነሳል። የተለያየ ዓይነት ያላቸው ሦስት መጻሕፍት ይዞ ቢሄድ ይሻላል፦ አንድ ልብ አንጠልጣይ፣ አንድ የአጫጭር ታሪኮች መድበል፣ አንድ ደግሞ ስለሚወደው ነገር የተጻፈ፣ እግር ኳስም ይሁን ኮከብ ወይም ጦርነት። ካልጣመው መተው እንደሚችልም አስቀድሜ እነግረዋለሁ። ፈረንሳዊው መምህርና ደራሲ ዳንኤል ፔናክ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ለአንባቢ ዐሥር መብቶችን ዘርዝሯል። ገጽ መዝለል፣ ሳይጨርሱ መተውና ያነበቡትን ደግሞ ማንበብ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ብዙ ወላጆች "የጀመርከውን ጨርስ" ማለት ጽናት የሚያስተምር ይመስላቸዋል። እኔ የማየው ሌላ ነው፤ ያልወደደውን መጽሐፍ ጨርስ የተባለ ልጅ መጽሐፉን አይጨርስም፣ ሌላም አይጀምርም።

አሁን ስለ መጻሕፍቱ ልናገር። ለታናናሾቹ ተረት የሚያህል የለም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ በማጣታቸው የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል። ሥራቸው የሚያስተምረን ትልቅ ነገር አለ፤ ልጅ የሚያውቀውን ዓለም በመጽሐፍ ውስጥ ሲያገኘው መጽሐፍ የባዕድ ነገር መሆኑ ይቀራል። ትንሽ ከፍ ላሉት የከበደ ሚካኤልን "ታሪክና ምሳሌ" እሰጣለሁ። እያንዳንዱ ታሪክ አጭር ነው፤ ቤት ስለሚመታ ለአፍ ይጣፍጣል፤ በአንድ መቀመጫ የሚያልቅ ስለሆነ ልጁ "ጨረስኩ" ማለትን ይለምዳል።

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ምርጫው ሰፊ ነው። የፍቅር ታሪክ ለሚሹት የሲሳይ ንጉሱ "ሰመመን" አለላቸው፤ ታሪኩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሕይወት ስለሆነ ከፊታቸው ያለውን ዓለም ያሳያቸዋል። ፖለቲካና ጋዜጠኝነት ለሚስባቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የበዓሉ ግርማን "ኦሮማይ" አስቀድማለሁ። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበ፣ ደራሲውም በዓመቱ ደብዛው የጠፋበት መጽሐፍ መሆኑን ስነግራቸው ዓይናቸው ይፈጣል። አስመራ ላይ የሚሆነውን ሲያነቡ ደግሞ የነገርኳቸውን ትተው ታሪኩን ይከተላሉ። ዝምተኛና ብቻውን ማሰብ ለሚወድ ልጅ የዚሁ ደራሲ "ከአድማስ ባሻገር" ይስማማዋል።

ሁሉም መጽሐፍ ለሁሉም ዕድሜ አይሆንም። ለአዋቂ የተጻፈውን ለአዋቂ አቆያለሁ፤ ወላጅም ልጁ የያዘውን ቢያገላብጥ መብቱ ነው። ከዚህ ድንበር ውስጥ ግን ምርጫው የልጁ መሆን አለበት። በሙያችን የታወቀው ሕንዳዊ ኤስ. አር. ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ካወጣቸው አምስት ሕጎች ሁለቱ፣ ለእያንዳንዱ አንባቢ የሚሆን መጽሐፍ፣ ለእያንዳንዱም መጽሐፍ የሚሆን አንባቢ እንዳለ ይናገራሉ። የእኛ ሥራ ሁለቱን ማገናኘት ነው።

ወላጆች አዘውትረው የሚጠይቁኝ ስለ "ፍቅር እስከ መቃብር" ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሀዲስ ዓለማየሁ ሥራ ከታላላቆቹ መጻሕፍታችን አንዱ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ከ500 ገጽ በላይ የሆነ፣ በጎጃም ባላባቶች ሥርዓትና ቋንቋ የተሞላ መጽሐፍ ለሰባተኛ ክፍል ልጅ በግድ ሲሰጥ ልጁ የሚያስታውሰው ክብደቱን ነው። ጉዱ ካሣ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ሳያገኘው ይዘጋዋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ "እሱን እኮ ሞክሬው ነበር" ብሎ ያልፈዋል፤ ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው። ብዙ ኢትዮጵያዊ ይህን መጽሐፍ መጀመሪያ ያወቀው በገጽ አልነበረም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ ነው። ገጸ ባሕርያቱን ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን በጆሮው የወደደ ሰው በኋላ መጽሐፉን ፈልጎ ገዛ። ስለዚህ ታዳጊው ቢሰማው፣ ወይም እናትና አባት ማታ ማታ ጥቂት ገጽ ቢያነቡለት መልካም መንገድ ነው። በጆሮ መስማትም የንባብ አካል ነው።

ጮክ ብሎ ማንበብ በአማርኛ ሌላም ጥቅም አለው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ አንባቢው ቃሉን አስቀድሞ በጆሮው ማወቅ አለበት። "አለ" የሚለው "ተናገረ" ይሁን ወይም "ይገኛል" የሚያውቀው ከአገባቡ ነው። በከተማችን በእንግሊዝኛ የሚማሩ ብዙ ልጆች አማርኛ አቀላጥፈው እያወሩ መጽሐፍ ላይ ሲደርሱ የሚሰናከሉት አንድም በዚህ ነው። ለእነዚህ ልጆች የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ መከልከል መፍትሔ አይሆንም፤ የሚወዱትን ያንብቡ። ጎን ለጎን ከክፍላቸው ዝቅ ያለ፣ አጭርና አስቂኝ የአማርኛ መጽሐፍ ይሰጣቸው፤ ታላቅ ለታናሽ ያንብብ። ለታናሽ ወንድም ሲሉ ቀላል መጽሐፍ ማንበብ አያሳፍርም፤ አንባቢው ግን በዚያው ይፈጥናል።

የመጽሐፍ ዋጋ መናሩን አውቃለሁ። መግዛት ለማይችል ግን መንገዱ አልተዘጋም። አዲስ አበባ ውስጥ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር አለ፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ያገለገሉ መጻሕፍትም ይሸጣሉ። ከሁሉ የሚቀለው ግን መለዋወጥ ነው፤ በአንድ ሰፈር ያሉ ጥቂት ቤተሰቦች ያላቸውን ቢያዋውሱ ልጆቻቸው ክረምቱን ሙሉ የሚያነቡት አያጡም። የትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎችንም አንድ ነገር እለምናለሁ፦ በሰኔ ቤተ መጻሕፍቱን ቆልፋችሁ መጻሕፍቱን ለአይጥና ለእርጥበት አትተዉ። ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ክፈቱት፤ ወይም ልጆቹ እስከ መስከረም ይዘው እንዲቆዩ ፍቀዱ። ጥቂት መጻሕፍት ሊጠፉ ይችላሉ። በመደርደሪያ ላይ ሳይነበብ የሚኖር መጽሐፍ ግን ከጠፋው አይሻልም።

ለወላጆች የምለው ደግሞ ይህ ነው። ልጃችሁ ሲያነብ "ምን ተማርክበት?" አትበሉት፤ ማጠቃለያ ጽፈህ አሳየኝም አትበሉት። ክፍል ውስጥ ያሰለቸውን ነገር ሳሎናችሁ ውስጥ አትድገሙበት። ይልቅ "አሁን የት ደረስክ? ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል?" ብላችሁ ጠይቁት፤ ሲነግራችሁም ከልብ ስሙት። እናንተም አጠገቡ ተቀምጣችሁ የራሳችሁን መጽሐፍ ግለጡ፤ ወላጁ ሲያነብ ያላየ ልጅ አንብብ ሲባል ቅጣት ይመስለዋል።

በዚህ ሳምንት ልጃችሁን ይዛችሁ ወደ መጽሐፍ ቤት ወይም ወደ ቤተ መጻሕፍት ሂዱ። እናንተ አትምረጡለት። መሃሉን ከፍቶ ያንብብ፤ የራሱን ይምረጥ፤ የመረጠው ለእናንተ ተራ ቢመስላችሁም አትንቀፉበት። በመስከረም ወደ ክፍሉ ሲመለስ ማንበብ የሚወድ ልጅ ከሆነ ክረምቱ በከንቱ አላለፈም።