ባሕሩ ሲሸሽ የቀረው ድንጋይ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሄድ ሰው የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል። ገደሉ ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። ግድግዳውን ልብ ብለን ስናየው፣ ድንጋዩ እንደ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሯል። ከላይ ጥቁር ድንጋይ አለ። ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ወረድ ሲሉ ኖራ ድንጋይና ጀሶ ይገኛል።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ማን ደረደረው? ውሃና እሳት ናቸው።

ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢው ባሕር ነበር። ባሕሩ የመጣው ከደቡብ ምሥራቅ፣ ዛሬ የሕንድ ውቅያኖስ ካለበት በኩል ነው። በባሕሩ ውስጥ የኖሩ ፍጥረታት ሲሞቱ፣ ዛጎላቸው ከኖራው ጭቃ ጋር በታች ተጠራቀመ። ኖራ ድንጋይ የሆነው ይኸው ነው። ዛሬም በድንጋዩ ውስጥ ዛጎል ይታያል። ጀሶው ደግሞ የባሕሩ ውሃ በፀሐይ ሲተን የቀረ ነው።

ከዚያ በኋላ መሬቱ ቀስ በቀስ ከፍ አለ፤ ባሕሩም በመጣበት በኩል ሸሸ። ባሕሩ በለቀቀው ሜዳ ላይ ወንዞች ይፈሱ ጀመር። እንደምናውቀው፣ ወንዝ ሲሞላ አሸዋ ያመጣል፤ ሲጎድል ጥሎት ይሄዳል። እንዲህ እየሆነ ብዙ ሚሊዮን ዓመት አለፈ። አሸዋው 280 ሜትር ያህል ተቆለለ። የላይኛው የታችኛውን ተጫነው። ውሃ ያመጣው ማዕድንም ልክ እንደ ሲሚንቶ ቅንጣቶቹን አያያዛቸው። አሸዋው ድንጋይ ሆነ። አንዳንዱን ቀይ ያደረገው በውስጡ ያለው የብረት ዝገት ነው።

ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ ከምድር ውስጥ የቀለጠ ድንጋይ ወጥቶ በላዩ ፈሰሰ። ሲበርድ ጥቁር ድንጋይ ሆነ። በኋላም ዓባይ ሁሉንም ቆርጦ ወረደ፤ የተደበቀውን ገልጦ አሳየን።

አሸዋ ድንጋይን መለየት አያስቸግርም። ሲያሹት ብዙ ጊዜ የአሸዋ ቅንጣት ይረግፋል። ኖራ ድንጋይ ግን ተፍቆ በዱቄቱ ላይ ሎሚ ጠብ ቢደረግበት አረፋ ያወጣል።

ይህን ማወቅ ለገበሬ ምን ይጠቅመዋል? በአሸዋ ድንጋይ ቅንጣቶች መካከል ትናንሽ ክፍተቶች አሉ። የዝናብ ውሃ በእነዚህና በስንጥቆቹ ውስጥ ይሰርጋል። ከሥር ውሃ የማያሳልፍ የሸክላ ንብርብር ሲያጋጥመው መውረዱን ትቶ ወደ ጎን ይሄዳል፤ በገደሉ ወገብ ላይ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ምንጭ የሚጠጣው ከበላዩ ካለው መሬት ነው። ያን መሬት ዛፉን ቆርጠን፣ ሣሩን አስግጠን ካራቆትነው፣ ዝናቡ ሳይሰርግ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ምንጩም ይደክማል። እርከን ብንሠራ፣ ዛፍ ብንተክል፣ ውሃው ቆም ብሎ ይሰርጋል።

ባሕሩ ሄዷል፤ ተመልሶ እንዲመጣም አንጠብቅም። ጥሎልን የሄደው ሜዳ ግን አሸዋ ድንጋይ ለብሶ ዛሬም ውሃ ያጠራቅምልናል። እኛም ከላይ ያለውን መሬት እንጠብቅለት።