የቃል ኪዳን ቀለበት እንዴት ይመረጣል?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ኮሶዬ ይደርሳል። ከመንገዱ ዳር ጥቂት ራመድ ሲሉ ምድሩ በድንገት ይቆረጥና ቆላው ሁሉ ከእግር በታች ተዘርግቶ ይታያል። ብርዱ ግን ያለ ጋቢ የሚቻል አይደለም። እኛም ለሥራ ጉዳይ ወደ ደባርቅ ስንሄድ እዚህ ላይ ወርደን ቡና በጠጣንበት ቤት ከአንድ ወጣት ጋር ተገናኘን። ጨዋታችን ስለ ገብስ አዝመራ ተጀምሮ ሳናስበው ስለ ቀለበት ሆነ።

ወጣቱ የዚሁ አገር ልጅ ሲሆን በጎንደር ከተማ ሥራ ይዞ ይኖራል። እጮኛው ደግሞ ዳባት ላይ በመምህርነት ታገለግላለች። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቃል ታስሮ፣ የቀረው ቀለበቱ ብቻ ነው። ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ የአንድ የአልማዝ ቀለበት ሥዕል አሳየን። በእውነትም የሚያምር ነው። ገንዘቡ ከየት ይገኛል ብለን ብንጠይቀው፣ ከቁጠባው የጎደለውን አባቱ የሰጡትን በሬ ሽጦ ሊሞላ ማሰቡን ነገረን። ዳሩ ግን ይህ በሬ ከአባቱ ጥማድ አንደኛው ነው። አንድ በሬ ብቻውን እንደማያርስ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያሻም።

ይህ ሐሳብ የአንድ ወጣት ሐሳብ ብቻ ስላልሆነ፣ ስለ ቀለበት አመራረጥ የምናውቀውን ጥቂት ነገር ለማቅረብ ወደድን።

በአገራችን አልማዝ በሴት ልጅ ጣት ላይ ከመታየቱ በፊት የታወቀው በሴት ልጅ ስምነት ነው። የእናቶቻችን ጌጥ ድሪ፣ አልቦ፣ ጉትቻና አምባር ነበር፤ የሚበዛውም ከብር የተሠራ ነበር። አንጥረኛው ለዚህ ሥራ የሚያቀልጠው ማርትሬዛ የሚባለውን ጠገራ ብር ነው። ይህ ገንዘብ 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት የተቀረጸበት፣ 28 ግራም የሚመዝን፣ ከ1,000 እጅ 833ቱ ጥሩ ብር የሆነ ነው። ስለዚህ ጌጡ ለውበት ብቻ ሳይሆን ለክፉ ቀንም መጠባበቂያ ነበር። በተክሊል ለሚጋቡም ቀለበት የቃል ኪዳኑ ምልክት ሆኖ በካህን ይባረካል። ድንጋይ ግን የግድ አልነበረበትም።

የአልማዝ ቀለበት ለእጮኛ መስጠት በአውሮፓ ነገሥታት ዘንድ የቆየ ነገር ነው፤ የኦስትሪያው ማክሲሚልያን በ1477 ለቡርጎኝዋ ማርያም እንደ ሰጣት ይነገራል። ለተራው ሕዝብ የግድ የመሰለው ግን በቅርቡ ነው። ደ ቢርስ የተባለው የአልማዝ ኩባንያ ገበያው እንዲሰፋለት በአሜሪካ ማስታወቂያ ያሠራ ነበርና፣ በ1947 በፈረንጅ አቆጣጠር ፍራንሲስ ጌሬቲ የተባለች ጸሐፊ አልማዝ ለዘለዓለም ነው የሚለውን ቃል አወጣችለት። በኋላም ሙሽራው የሁለት ወር ደመወዙን ለቀለበት ማውጣት ይገባዋል የሚል ማስታወቂያ ተጨመረበት። እንግዲህ ዛሬ የጥንት ወግ የሚመስለን ልክ፣ የሻጭ ልክ መሆኑን ማወቅ መልካም ነው።

ደግሞ የሚያስገርመው፣ በዚያው በ1947 የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ የነበረችው ኤልሣቤጥ የታጨችበት ቀለበት ነው። እጮኛዋ ልዑል ፊሊፕ የባሕር ኃይል መኮንን እንጂ ባለጸጋ አልነበረም። ስለዚህ እናቱ ልዕልት አሊስ ከራስ ጌጧ ላይ አልማዞች እንዲወጡ ሰጠች፤ ቀለበቱም ከእነዚያ ተሠራ። ኤልሣቤጥ ከነገሠች በኋላ በጥር ወር መጨረሻ 1957 ዓ.ም. ከባሏ ጋር አገራችንን ስትጎበኝ ወደ ጎንደርም መጥታለች። የኮሶዬ ሰዎችም ከዚህ ገደል አፋፍ ላይ ቆማ ቆላውን እንዳየች ያወራሉ። በጣቷ ላይ የነበረው የአማቷ ጌጥ እንደ ነበረ ግን የሚያወራው ጥቂት ነው።

አልማዝ ለመግዛት አቅሙ ያለው ሰው በበኩሉ ሳይታለል ቢገዛ ይሻላል። በመጀመሪያ ካራት የሚባለው ቃል ሁለት ፍች እንዳለው ይወቅ። ለወርቅ ሲነገር የጥራት መጠን ነው፤ 24 ካራት ጥሩ ወርቅ ሲሆን 18 ካራት ከ100 እጅ 75ቱ ወርቅ ነው። ለአልማዝ ሲነገር ግን ክብደት ነው፤ አንዱ ካራት የአንድ ግራም አምስተኛ ብቻ ነው። አንድ ካራት የሚመዝን ድንጋይ፣ በጥራት ከሚመስሉት ሁለት ባለ ግማሽ ካራት ድንጋዮች ድምር ይበልጥ ያስከፍላል።

ሁለተኛ፣ ብልጭታው የሚመጣው ከትልቅነቱ ሳይሆን ከአቆራረጡ ነው። በደንብ የተቆረጠ ክብ አልማዝ 57 ወይም 58 ገጾች አሉት። አቆራረጡ የተበላሸ ትልቅ ድንጋይ እንደ ደፈረሰ ውሃ ሲሆን፣ ትንሹ ግን በጥሩ እጅ ከተቆረጠ ያበራል። በውስጡ ያለው እንከን በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ካልሆነ የማይታይ ከሆነ ለዚያ ብዙ ገንዘብ መጨመር አያስፈልግም። ትንሽ ቢጫ ያለበትም በቢጫ ወርቅ ላይ ሲቀመጥ እምብዛም አይታወቅም።

ሦስተኛ፣ ዛሬ በፋብሪካ የሚሠራ አልማዝ አለ። እንደ መስታወት ሐሰተኛ ሳይሆን ከምድር ከሚወጣው ጋር ባሕርዩ አንድ ነው፤ ዋጋው ግን በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ ሻጩ የትኛውን እንደሚሸጥ ከታወቀ መርማሪ ተቋም ወረቀት ያሳይ። ወረቀት ከሌለው የፋብሪካውን በምድሩ ዋጋ ልንገዛ እንችላለን።

አራተኛ፣ የምታደርገውን ሴት ሥራ ማሰብ ነው። አልማዝን ከሌላ አልማዝ በቀር የሚጭረው የለም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን በመዶሻ ቢመቱት ይሰነጠቃል። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ድንጋይ ሊጥ ይይዛል፣ የሹራብ ክር ይመዛል፣ የሚይዙት የወርቅ ጥፍሮችም ይላላሉ። ዝቅ ብሎ ዙሪያውን በወርቅ የተከበበ ይሻላል። የጣት ልክም በኮሶዬ ጧት አይለካም፤ ጣት በብርድ ይኮማተራል፣ በሙቀት ያብጣልና ከሰዓት በኋላ ይለካ።

የአገር ድንጋይ የሚወድም አለ። በወሎ ደላንታ፣ በወገል ጤና አጠገብ በ2000 ዓ.ም. የተገኘው ኦፓል ቀስተ ደመና የያዘ ይመስላል። ነገር ግን ከአልማዝ በጣም የለሰለሰ ስለሆነ ይጫራል፤ ውሃም ስለሚመጥ ቀለሙ ለጊዜው ይጠፋና ሲደርቅ ይመለሳል። እጅ ሲታጠቡ ማውለቅ ይገባል።

ይህን ሁሉ ለወጣቱ ስናጫውተው ቡናውን የሚያፈሉት እናት ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጠየቁት።

«ለመሆኑ ልጅቱ ምን ትላለች?»

ወጣቱ መልስ አልነበረውም። ሊያስደንቃት ስለፈለገ አልጠየቃትም። ስለ በሬውም አታውቅም። እናትዮዋም ሲኒውን እየሞሉ፣ «እሷም እኮ የገበሬ ልጅ ናት። ጥማዱ እንደ ፈረሰ በኋላ ስትሰማ፣ ያን ቀለበት ባየች ቁጥር በሬው አይታያትም?» አሉት።

እኛም ከዚህ የተሻለ ምክር የለንም። የቀለበት ምርጫ የሚጀምረው ከወርቅ ቤት ደጃፍ ሳይሆን ከእጮኛ ጋር ተቀምጦ ያለውን ገንዘብ፣ የሌለውንም ገልጦ ከመነጋገር ነው። ተነጋግረው አልማዝ ቢመርጡ መልካም፤ ቀለል ያለ የወርቅ ቀለበት ቢመርጡም መልካም፤ የእናትን ብር አንጥረኛ አቅልጦ ቢሠራላቸውም ከንግሥቲቱ ወግ አይጎድልም። ቃል ኪዳን የሚገቡበትን ጌጥ በድብቅ ዕዳና በሌላ ሰው ማረሻ መግዛት ግን ከመጀመሪያው ቀን ምሥጢር መያዝ ነው።

ወጣቱ ከእኛ ጋር እስከ ዳባት ለመሄድ ፈቃድ ጠየቀንና በመኪናችን አሳፈርነው። በመንገድ ላይ ብዙም አልተናገረም። ከትምህርት ቤቱ በር ሲወርድ ግን ስልኩን አውጥቶ ሥዕሉን አንድ ጊዜ ተመለከተና፣ መልሶ ከኪሱ ከተተው።